ዋጋ የሚገምተው ማሽን ጎጃምን አያውቅም

በቴሌግራም የሚላክልኝ ስክሪንሾት በዝቷል። አንዱ ከደብረ ማርቆስ ይልካል፣ አንዱ ከባሕር ዳር፣ አንዱ ከፍኖተ ሰላም። የሚልኩት ግን ተመሳሳይ ነገር ነው። ከላይ የዶሜይን ስም፣ ከሥሩ ኢንተርኔት ላይ ያለ ዋጋ ገማች መሣሪያ ያወጣው፣ በደማቁ የተጻፈ የዶላር ግምት። አንዳንዱ አንድ ሺህ፣ አንዳንዱ ሁለት ሺህ ዶላር ያልፋል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። «ጋሼ፣ ይሄ እውነት ነው? ልግዛው?» የገዛው ደግሞ «ለማን ልሽጠው?» ይላል።

የምተዳደረው ዌብሳይት እየሠራሁ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኔ ቢመጣ አይገርምም። እስካሁን ለእያንዳንዱ በአጭሩ ስመልስ ነበር። አጭር መልስ ግን ለዚህ ነገር አይበቃም። «እመነው» ብል ልጁ ያለችውን ዶላር ይጨርሳል። «አትመነው» ብል ደግሞ መሣሪያው የሚረዳበትን ቦታ አሳጣዋለሁ። በዚያ ላይ እነዚህ ቁጥሮች የሚደርሱት ኑሮ ለከበደው፣ ሥራ ፍለጋ ለደከመ ወጣት ነው። ሁለት ሺህ ዶላር ለእሱ የቤት ኪራይ ነው፣ የእናቱ መታከሚያ ነው፣ የንግድ መነሻ ነው። በደንብ መጻፍ አለበት ያልኩት ለዚህ ነው።

መነሻውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። የዶሜይን ስም የዌብሳይት አድራሻ ነው። «ገዛሁ» እንላለን እንጂ እውነቱ ኪራይ ነው፤ በየዓመቱ ካልታደሰ ይወሰዳል። የመጀመሪያው ዶት ኮም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1985 ነው። ከዚያ ወዲህ አጫጭሮቹና ጥሩ ጥሩዎቹ የእንግሊዝኛ ስሞች ተይዘው አልቀዋል። የፈለገ ከያዘው ሰው ይገዛል፤ ገበያው የተፈጠረው በዚህ ነው። ትልልቅ ሽያጮችም አሉ። ቮይስ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ቻት ዶት ኮም በ2023 በ15.5 ሚሊዮን ዶላር እጅ ለውጧል። ቲክቶክ ላይ ተቆራርጦ እኛ ዘንድ የሚደርሰው የዚህ ዓይነቱ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ዋጋ ገማቾቹ እንምጣ። ኢስቲቦት ከቆዩት አንዱ ነው። ስም መዝጋቢው ጎዳዲም የራሱ ገማች አለው። ስሙን ታስገባላችሁ፣ በሰከንድ ውስጥ ቁጥር ይወጣል። ከጀርባ የሚሠራው ሥራ ይህን ይመስላል። ስሙ ስንት ፊደል እንደሆነ ይቆጥራል። ወደ ቃላት ይከፋፍለዋል፤ ቃላቱ በሚያውቀው መዝገበ ቃላት ውስጥ መኖራቸውን ያያል። መጨረሻው ዶት ኮም ነው ወይስ ሌላ ብሎ ይለያል። ሰዎች ያንን ቃል በጉግል ምን ያህል እንደሚፈልጉት፣ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች በዚያ ቃል ለአንድ ክሊክ ስንት እንደሚከፍሉ ይመለከታል። ከዚህ በፊት የተሸጡ መሰል ስሞችን ዋጋ ያገናዝባል። ይህን ሁሉ ደምሮ አንድ ቁጥር ያወጣል።

የማይረባ ሥራ አይደለም። ዕድሳታቸው ያለፈባቸው ስሞች በየቀኑ በብዙ ሺህ እየሆኑ ወደ ጨረታ ይወጣሉ። ያንን ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ አያነበውም። ማሽኑ በጭራሽ የማይታዩትን ያስወጣለታል፣ የሚታዩትን ወደ ላይ ያመጣለታል። እኔም ሁለት የእንግሊዝኛ ስም ይዤ የትኛው ይሻላል ብዬ ስጠራጠር አየዋለሁ። የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ብዙ ጊዜ አይስትም። የሚስተው ዋጋውን ነው።

ለምን ይስታል? መጀመሪያ ከተማረበት መረጃ ነው። ማሽኑ የተማረው ከተሸጡ ስሞች ነው። ያልተሸጡትስ? በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ስሞች አብዛኞቹን ማንም ሳይጠይቃቸው ዓመት ይመጣል፣ ዓመት ይሄዳል። በዚህ ንግድ የቆዩ ሰዎች እጃቸው ላይ ካለው መቶ ስም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ከተሸጠ ደህና ነው ይላሉ። የቀሩት ዘጠና ስምንቱ በየትኛውም የሽያጭ መዝገብ ውስጥ የሉም። ስለዚህ መሣሪያው «2,000 ዶላር» ሲል «ገዢ ከተገኘ» ማለቱ ነው። ገዢ የመገኘቱ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ግን ስክሪንሾቱ ላይ አይታይም። ለእኔ ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ከተሸጡትም ቢሆን የሚታወቀው ጥቂቱ ነው። ኔምባዮ የሚባል የሽያጭ መዝገብ አለ። ጠቃሚ መዝገብ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። የሚይዘው ግን ይፋ የሆነውን ሽያጭ ነው። ብዙ ሽያጭ ደግሞ ዋጋው እንዳይነገር በውል ታስሮ ያልፋል።

ሌላም አለ። አንድ ስም ሁለት ገበያ አለው። ነጋዴ ለነጋዴ ሲሸጠው አንድ ዋጋ ነው፤ ስሙን ለሥራው የሚፈልገው ድርጅት ሲገዛው ሌላ። በጨረታ በመቶ ዶላር የወጣ ስም፣ ፈላጊው ሲመጣ በሦስት ሺህ ሊሄድ ይችላል። ማሽኑ ሁለቱን አደባልቆ ተምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል። የየትኛው ገበያ ዋጋ እንደሆነ አይናገርም። አንዱን ስም በሦስት መሣሪያ ብታስገምቱት ሦስት የማይገናኝ ቁጥር ብታገኙ ብዙ አትደነቁ።

የበሬ ገበያ ውሎ የሚያውቅ ሰው ይሄን ቶሎ ይረዳኛል። ደላላው ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ አረማመዱን ይመለከታል። እስከዚህ ድረስ ማሽን ሊተካው ይችል ይሆናል። ዋጋው የሚቆረጠው ግን ፊት ለፊት የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። አንዱ ጥማዱ የጎደለበት፣ እርሻ የደረሰበት ገበሬ ነው። ሌላው ሥጋውን በኪሎ አስልቶ የሚጭን ነጋዴ ነው። በሬው ያው በሬ ነው፤ ቀኑም ያው ቀን ነው። ዋጋው ግን አንድ አይሆንም።

ቮይስ ዶት ኮምም እንዲሁ ነው። ስሙን ማይክሮስትራቴጂ የተባለ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ይዞት ነበር። በእነዚያ ዓመታት አንድም ፊደል አልተለወጠበትም። ብሎክ ዶት ዋን የተባለ ድርጅት ቮይስ ብሎ የሰየመውን ማኅበራዊ ሚዲያ ሊከፍት ሲል ግን ያ ስም አስፈለገው፣ ገንዘቡም ነበረው። 30 ሚሊዮኑ የመጣው ከዚያ ፍላጎት ነው። ይህን ፍላጎት ማሽኑ ፊደል ቆጥሮ ሊያገኘው አይችልም።

ቤት ከስም ይልቅ ለግምት ይመቻል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ካሬው ይታወቃል፣ ሰፈሩ ይታወቃል፣ የጎረቤቱ ቤት ስንት እንደተሸጠ ይታወቃል። ዚሎው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቤት ዋጋ በኮምፒውተር ሲገምት ኖሯል። በኋላ ራሱ ቤት እየገዛ መሸጥ ጀመረ። በኖቬምበር 2021 ዋጋን መተንበይ ከጠበቀው በላይ እንደከበደው ገልጾ ያንን ሥራ ዘጋ፤ ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉን እንደሚቀንስም አስታወቀ። የሚዳሰስ ቤት፣ ያን ሁሉ መረጃ ይዞ እንዲህ ካስቸገረ፣ በዓመት አንዴ እንኳ የማይጠየቅ ስም ምን ያህል ሊያስቸግር እንደሚችል አስቡት።

ይህ ሁሉ ስለ እንግሊዝኛ ስም ነው። ወደ እኛ ስሞች ስንመጣ ነገሩ ይብሳል።

ጎጃምን በላቲን ፊደል በአንድ ጄ የሚጽፍ አለ፣ በሁለት ጄ የሚጽፍ አለ። በአንድ ጄ ሲጻፍ፣ ቃላቱን በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚከፋፍል ማሽን «ጎ» እና «ጃም» ብሎ ሊቆርጠው ይችላል። «ሂድ» እና «ማርማላታ» ማለት ነው። በሁለት ጄ ሲጻፍ ደግሞ ምንም የማያውቀው የፊደል ክምር ይሆንበታል። ባሕር ዳርን አንዱ በአይ፣ አንዱ በኢ፣ አንዱ ያለ ሁለቱም ይጽፋል። ማርቆስ በኬ ነው ወይስ በኪው? አባይ በአንድ ቢ ነው ወይስ በሁለት? ለእኛ ሁሉም ያው አገር፣ ያው ወንዝ ነው። ለዶሜይን ግን እያንዳንዱ አጻጻፍ የተለየ አድራሻ ነው። ለማሽኑም የተለየ ቃል ነው፤ ስለዚህ የአንድ ከተማ ፈላጊ በአራት በአምስት አጻጻፍ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ትንሽ መስሎ ይታየዋል።

በራሳችን ፊደል መጻፍስ? በቴክኒክ ይቻላል። ከጀርባ ግን ስሙ ወደ ላቲን ፊደልና ቁጥር ተቀይሮ ነው የሚመዘገበው። ገማቹ የሚያየው ያንን የተቀየረውን ከሆነ፣ ሰው ያላነበበውን ነገር ዋጋ እየሰጠ ነው። በአገራችን ስም ለተሰጠው ለዶት ኢቲም ቢሆን ማሽን የሚማርበት ይህ ነው የሚባል የሽያጭ ታሪክ የለም።

በዚያ ላይ እኛ ጋ ሰው ሰውን የሚያገኘው በጉግል ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቴሌግራም ቻናል ይከፍታል፣ ፌስቡክ ይጠይቃል፣ ቲክቶክ ያያል። ይህ ሁሉ ፍላጎት ማሽኑ በሚቆጥረው የጉግል ፍለጋ ውስጥ የለም። ማሽኑ በሁለቱም በኩል ነው የሚሳሳተው። አንዳንዴ ከልክ በላይ ያስወድዳል፣ አንዳንዴ ዋጋ ያለውን ያረክሳል። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ያንን በዓል የሚመለከት ጥሩ ስም ለአስጎብኚ ድርጅት ትልቅ ነገር ነው። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አለ። ዘጌና ጢስ አባይ አሉ፤ ሰከላ ላይ ግሽ አባይ አለ። እነዚህን ስሞች ማሽኑ ዜሮ አጠገብ ቢያስቀምጣቸው ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። አያውቃቸውም ማለት ነው።

ከልክ በላይ ሲያስወድድስ? አንድ ወጣት ጤፍና ጎጃምን ያጣመረ ስም ይዞ መጣ። መሣሪያው ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ብሎታል። ልጁ ተስፋ አድርጓል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አብረን አየን። ጤፍ ዛሬ የእንግሊዝኛ ቃልም ሆኗል። አሜሪካ ውስጥ አይዳሆ ይመረታል፤ ግሉተን የለውም ተብሎ በጤና ምግብ ሱቅ ይሸጣል። ስለዚህ ቃሉ ፈላጊ አለው፣ ማስታወቂያ አለው። ማሽኑ ያየው የአሜሪካንን የጤና ምግብ ገበያ ነው። ጎጃም የሚለው ግማሽ ግን ለዚያ ገዢ ምኑም አይደለም። ለአይዳሆው ነጋዴ የጎጃም ስም ምን ያደርግለታል?

እዚሁ ያለ ገዢ እንሞክር ብለን አንድ የጤፍ ነጋዴ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡን። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እኔን የሚፈልግ ስልኬን ያውቃል። ልጆቼ ቴሌግራም ከፍተውልኛል። ይሄ ስም ከዚያ በላይ ምን ያመጣልኛል?»

«ጋሼ፣ መሣሪያው እኮ ሁለት ሺህ ዶላር ብሎታል» አላቸው ልጁ።

«ታዲያ ያለው ይግዛው።»

ትክክል ናቸው። ግምት የሰጠው መሣሪያ ሁለት ሺህ ዶላር ይዞ አይመጣም። የዚያ ስም ገዢ ካለ፣ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ እንጀራ የሚሸጥ የጎጃም ተወላጅ ነው። ጎጃም የሚለው ስም ትርጉም ያለው፣ በዶላር የሚከፍል ሰው እሱ ነው። ያንን ሰው መፈለግ ደግሞ የልጁ ሥራ ነው፤ ማሽኑ አያግዘውም።

አንዳንድ ስም መዝጋቢ ድርጅቶች ግምቱን የሚያሳዩት ስሙን ሊሸጡላችሁ ከመግዣው ቁልፍ አጠገብ ነው። ሻጩም ገማቹም አንድ ነው ማለት ነው። ውሸት ጻፉ አልልም። ግን ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ማን እንደሚጠቀም አስቡበት።

ከዚህ የከፋው ማጭበርበሩ ነው። ኢሜይል ይመጣል። «ስምህን በብዙ ሺህ ዶላር ልገዛው እፈልጋለሁ» ይላል። ደስታው ሳይበርድ ሁለተኛው መልእክት ይከተላል። ዋጋውን የሚያረጋግጥ የግምት ሰርተፍኬት ከዚህ ድረ ገጽ አምጣ ይላል። ድረ ገጹ በነፃ አይሠራም፤ ዶላር ያስከፍላል። ልጁ ዘመድ ለምኖ፣ ካርድ ተውሶ ይከፍላል። ግምቱ ይመጣለታል፣ ገዢው ግን ይጠፋል። ገዢ የተባለውም ሰርተፍኬቱን የሸጠውም አንድ ሰው ነው። ይህ በዓለም ሁሉ የታወቀ የቆየ ማታለያ ነው፤ እኛ ጋ ለሚሰማው ወጣት ግን አዲስ ነው። እባካችሁ ለወንድም ለእህቶቻችሁ ንገሩ። እውነተኛ ገዢ የግምት ወረቀት አያስገዛም። ዋጋ ይጠይቃል ወይም ዋጋ ይሰጣል፣ አለቀ።

የታወቀ ድርጅት ስም ውስጥ አንድ ፊደል ለውጠው የሚያስመዘግቡም አሉ። ቃሉ በጣም ስለሚፈለግ አንዳንዱ ማሽን ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። ሕግ ግን ሌላ ይላል። የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው አይካን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን የክርክር ሥርዓት አለው። የንግድ ምልክቱ ባለቤት ካሸነፈ ስሙ ያለ ምንም ካሳ ይወሰዳል። በአገራችንም የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። እንዲህ ያለ ስም ዋጋው ምንም ነው፤ ጠበቃ ካስቀጠረ ከምንምም በታች ይወርዳል።

አሁን ስለ ወጪው። አንድ ዶት ኮም ለማደስ መዝጋቢ ድርጅቶቹ ራሳቸው ዶት ኮምን ለሚያስተዳድረው ለቬሪሳይን ኩባንያ የሚከፍሉት ከሴፕቴምበር 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዓመት 10.26 ዶላር ነው። እኛ የምንከፍለው ከዚያ ይበልጣል። 30 ስም የያዘ ሰው በዓመት ከ300 ዶላር በላይ ያወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ያ ወጪ ከ30,000 ብር በላይ ነው፤ በየዓመቱ። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት የሚለውን ብናስብ፣ ከ30 ስም አንዱ እስኪሸጥ ሁለት ሦስት ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የ30 ስክሪንሾት ድምር 40,000 ዶላር ቢልም ከኪስ የሚወጣው ይሄ ነው። ድምሩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚያድር ልጅ ሳይ ልቤ ያዝናል።

በዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ሌላ ፈተና አለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዕድሳት ያስታወሰ ኢሜይል ማን ያየዋል? ዶት ኮም ዕድሳቱ ካለፈ በኋላ እንደ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ይታገሣል። ከዚያ በብዙ ቅጣት የሚመለስበት 30 ቀን አለ። በመጨረሻ 5 ቀን ቆይቶ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ስለዚህ የምትወዱት፣ የምትሠሩበት ስም ካለ፣ ከተቻለ ለብዙ ዓመት አንዴ ክፈሉለት። የማትሠሩበትን ደግሞ በጊዜ ልቀቁት።

እኔ ስም ሲመጣልኝ ማሽኑን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ ገዢዎቹን በስም በስማቸው እጽፋለሁ። ይሄን ስም ሊፈልግ የሚችል ሆቴል ማን ነው? የማር ነጋዴ፣ አስጎብኚ፣ የውጭ አገር ሱቅ? ሦስት እንኳ ካላገኘሁ ስሙን አልገዛም። ካገኘሁ አሁን በምን አድራሻ እንደሚሠሩ አያለሁ፤ ደህና አድራሻ ያለው ሰው ለሌላ ብዙ አይከፍልም። ከዚያ ኔምባዮ ላይ መሰል ሽያጭ እፈልጋለሁ። ስሙን በስልክ ለእናቴ ነግሬያት ለሌላ ሰው መልሳ መናገር ከቻለች ጥሩ ምልክት ነው። በዚህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ማሽኑ 90 ዶላር ቢለውም አልደነግጥም፤ 3,000 ቢለውም ዋጋዬን አልጨምርም።

አንድ ነገር ግን ይጎድለናል። የአማርኛ ስሞች ስንት እንደተሸጡ የሚያሳይ መዝገብ የለንም። ባሕር ዳር፣ ማርቆስ፣ ዳንግላ፣ ሞጣ ስም የሸጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዋጋውን በሆድ ይዞ መቅረት ለማናችንም አልጠቀመም፤ ማሽኑም ሆነ ሰው የሚማርበት ነገር አጥቷል። እኔ አንድ ክፍት ሰንጠረዥ ጀምሬያለሁ፤ ደንበኞቼ የፈቀዱልኝን ሽያጮች አስገብቼበታለሁ። የሸጣችሁ ወይም የገዛችሁ ላኩልኝ፤ የሰው ስም አልጽፍም። የምፈልገው የዶሜይኑን አጻጻፍ፣ መጨረሻውን፣ ዓመቱን፣ ዋጋውን በብር ወይም በዶላር፣ ገዢው ነጋዴ ይሁን ሊሠራበት የገዛው ድርጅት ነው። ለሽያጭ አቅርባችሁ ማንም ያልጠየቃችሁንም ላኩ፤ እሱንም እመዘግበዋለሁ።